በሰኔ የምትናገሩት በጥቅምት ይጻፋል፦ ለጀማሪ መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን አስተምሬ፣ በመጨረሻም በሱፐርቫይዘርነት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስዞር ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ከኮሌጅ ወጥታችሁ የመጀመሪያ ክፍላችሁን ለተረከባችሁ ስለ ትምህርት ዕቅድ አወጣጥም ሆነ ስለ ክፍል አያያዝ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የምጽፍላችሁ ብዙ ጊዜ እንደ ትርፍ ሥራ ስለሚቆጠር አንድ ጉዳይ ነው፤ የተማሪን ውጤት ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ስለ ማክበር፣ በተለምዶ የወላጆች በዓል ስለምንለው ቀን። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ በዚያ ቀን አንድ ቤተሰብ ከእናንተ ይዞ ከሚሄደው ነገር ሁሉ ትልቁ ስለ ልጁ የምትናገሩት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሰኔ ላይ ሮስተር (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ሲዘጋ ተፈልጎ አይገኝም።

ሥርዓቱን ተማሪ ሆናችሁ አይታችሁታል። የየትምህርቱ ውጤት ሮስተር ላይ ተደምሮ አማካዩ ይወጣል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ በሰኔ 30 ወይም በዚያው ሰሞን ወላጅ ተጠርቶ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ደብተርና እስክሪብቶ፣ የትምህርት ቤቱ አቅም ከፈቀደም መዝገበ ቃላት ይሸለማሉ፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሃምሳ ሰባቱ ሲያጨበጭቡ ያረፍዳሉ። ደረጃ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ወላጁ «ስንተኛ ወጣ?» ማለቱን አይተውም፤ ልጁም አንደኛ ለመውጣት መድከሙ የሚያስከፋ ነገር አይደለም። ነገር ግን ደረጃ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸፍን በቁጥር ማወቅ አለባችሁ። ስምንት የትምህርት ዓይነት በሚሰጥበት ክፍል፣ በአንዱ ትምህርት ላይ አንድ ማርክ መጨመር ወይም መቀነስ አማካዩን የሚለውጠው በ0.125 ብቻ ነው፤ ሆኖም የአብዛኛው ልጅ ውጤት በሚጨናነቅበት መሃል ላይ ይህችው ቅንጣት ልጁን ሦስት አራት ደረጃ ልታወርደው ትችላለች። በአንጻሩ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር አማካዩ 48 የነበረ ልጅ በሁለተኛው 61 ቢያመጣ፣ የእሱን ያህል የተሻሻለ ልጅ በክፍሉ ላይኖር ይችላል፤ ደረጃው ግን ከ44ኛ ወደ 35ኛ ከፍ ቢል ነው፣ 35ኛን ደግሞ መድረክ ላይ የሚጠራው የለም። አባቱም ካርዱን አይቶ «አሁንም ሠላሳ ምናምነኛ?» ይላል።

ስለዚህ ጥቅምት ሲገባ፣ የልጆቹን ስም ለይታችሁ ስትጨርሱ፣ አንድ ወፍራም ደብተር ግዙና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። በየሳምንቱ ለስድስት ልጆች አንድ አንድ መስመር ብትጽፉ ስልሳውም በአሥር ሳምንት ይዳረሳሉ፣ እስከ ሰኔም ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ያህል ይደርሰዋል። ከዚህ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም፤ ጊዜ የለኝም የሚል መምህር ካለ ያው ለስብሰባ ተጠርቶ ሰው እስኪሟላ በሚጠብቅበት ሰዓት ይጻፈው። የሚጻፈው ግን «ጎበዝ ናት»፣ «ባህሪው ጥሩ ነው» የሚል አይሁን፤ እንዲህ ያለው ቃል ከሮስተሩ የተሻለ ነገር አይነግራችሁም። «ኅዳር ላይ ባለ ሦስት አሃዝ ሲቀንስ መበደር ግራ ያጋባው ነበር፣ ጥር ላይ ሰሌዳ ወጥቶ ለጓደኞቹ አሳየ» ብላችሁ ጻፉ። «ከጎኗ ላለችው ልጅ ትመልስላት የነበረውን ጥያቄ አሁን እጇን አውጥታ ትመልሳለች» ብላችሁ ጻፉ። የተጻፈው ነገር መታየት ወይም መሰማት የሚችል፣ ወሩም የተመዘገበ ይሁን።

«ጎበዝ» ማለት ምን ጉዳት አለው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የሚገኙ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥያቄ አሠርተው፣ ከፊሎቹን በብልህነታቸው፣ ከፊሎቹን በጥረታቸው አመሰገኗቸው። ቀጥሎ የሚሠሩትን እንዲመርጡ ሲደረግ በብልህነታቸው የተመሰገኑት በአብዛኛው የማይከብዳቸውን መረጡ፤ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ውጤታቸው ሲቀንስም ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ያገኙትን ውጤት ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁ ደግሞ ከመካከላቸው አርባ በመቶ ያህሉ ከፍ አድርገው ጻፉ። ይህን የመጨረሻውን ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ በካርዳቸው ላይ 4ን በእስክሪብቶ 9 ሲያደርጉ የተያዙት የኛ ልጆች ናቸው። እነዚህ ሰነፎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ሰፈሩ ሁሉ ጎበዝ እያለ ያሳደጋቸው ልጆች ነበሩ።

በአንድ ትምህርት ቤት ሱፐርቪዥን ወጥቼ ካርድ በሚታደልበት ጠዋት አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት ገባች፣ ካርዱን ተቀበለች፣ ገልብጣ አየችውና ማንበብ ስለማትችል ለመምህርቷ መልሳ ሰጠቻት። መምህርቷ «ሒሳብ 58» ብላ ብትጀምር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ገለጠችና «ማካፈል ላይ ቀሪ ሲመጣበት ትቶት ይነሳ ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ እስከ መጨረሻው ሳይሠራ እስክሪብቶውን አያስቀምጥም» አለቻት። እናትየዋ ጥቂት አሰበችና «ቅዳሜ ቅዳሜ ቲማቲሙን የሚመዝነውም መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው እኮ መምህር፤ አንድ ቀን አጉድሎብኝ አያውቅም» አለች። መምህርቷ ይህን እዚያው ገጹ ላይ ጻፈችው። ልጁ ከእናቱ ኋላ ቆሞ ጫማውን እያየ ያዳምጥ ነበር፤ ማካፈልና የገበያ መልስ አንድ ነገር መሆናቸውን በዚያን ዕለት የሰማው ይመስለኛል። የወላጆች በዓል ለእኔ ይህ ነው፤ መምህሩ ያየውንና ቤተሰቡ ያየውን አገናኝቶ ልጁ ፊት ማስቀመጥ።

በእኛ ከተማ ይህ ነገር በስንት ቋንቋ እንደሚደረግ አትርሱ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ደርሶ ካቆማት ጊዜ ጀምሮ የብዙ ሕዝብ መገናኛ ናት፤ ዛሬም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይሰጥባታል። ልጁ የሚማርበት ቋንቋ ሌላ፣ አያቱ የምትሰማው ሌላ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። የማትችሉት ቋንቋ ሲገጥማችሁ የሥራ ባልደረባ ጥሩ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። «በዚህ ከቀጠለ ክፍሉን ይደግማል» የተባለውን ለእናቱ «መምህሩ በጣም ስለሚወደኝ አንድ ዓመት አብሬው እንድቆይ ይፈልጋል» ብሎ የተረጎመ ልጅ አውቃለሁ። ማስተዋሉ ይደነቃል፣ እናቱ ግን እያመሰገነች ወጣች።

ሰዓቱንም እንደ አገሩ አስቡት። በሰኔ የድሬ ፀሐይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሕፃን በሰልፍ የሚያቆም አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የከተማችን አባቶች የት እንደሚቀመጡ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ጠዋት ነው፤ ጠዋት ግን ነጋዴዋ እናት ገበያዋን የምትይዝበት፣ ባጃጅ የሚነዳውም አባት ብሩን የሚያገኝበት ሰዓት ነው። መፍትሔው ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ መቸኮል ያለበትን ወላጅ ልጅ መጀመሪያ ጥሩለትና በጊዜ ይሂድ። የክብር እንግዳው ንግግር ልጆቹ ሥራቸውን ካሳዩ በኋላ ይሁን፣ ቢያጥርም የሚቀየም ወላጅ የለም። ዓርብን ለጁምዓ ተዉት። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ስለሚኖር፣ ረመዳንም በየዓመቱ ቦታውን ስለሚቀያይር፣ የምትቆርሱትን ነገር ከመወሰናችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እዩ፤ ፈንዲሻና ሕብስት ዳቦ ለብዙው ይስማማል።

ከሁሉ በላይ ልትጠነቀቁለት የሚገባው ማንም ያልመጣለት ልጅ ነው። እናቱ ዓረብ አገር ያለች፣ ከአክስቱ ጋር የሚኖር፣ ወይም በሰው ቤት እያገለገለ የሚማር ልጅ በእያንዳንዱ ክፍል አለ፤ በሚኒ ሚዲያው «ወላጆቻችሁ የመጡላችሁ ወደፊት ውጡ» ሲባል ያ ልጅ ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል። ጥሪውን ስትጽፉ ቤተሰብ ወይም አሳዳጊ በሉ፤ ታላቅ እህትም፣ ጎረቤትም፣ የሰፈሩ ባለሱቅም መጥቶ ሊቆምለት እንደሚችል ቀደም ብላችሁ ለልጁ ለብቻው ንገሩት። ማንም የማይመጣ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ይቁሙለት፤ ብዙ ጊዜ ልጁን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ጠዋት በር ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያዩታልና።

በታችኞቹ ክፍሎች ስለምታስተምሩት አንድ ነገር ልጨምር። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ትልቁ ውጤት ማንበብ ነው፤ በአማርኛ የሚማር ልጅ 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ መለየት ይጠበቅበታል። ይህን የተወጣ የሰባት ዓመት ልጅ ሲያነብ ቤተሰቡ ቢሰማው ከማንኛውም ሽልማት ይበልጣል። ነገር ግን ልጆች ገጽ በቃላቸው ይይዛሉ፤ ሥዕሉን ዓይተው ጽሑፉን የሚወጡት ብዙ ናቸው። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑና ከገጹ መሃል አስጀምሩት፣ ወይም ከቅርብ ጊዜ ትምህርት ያላነበበውን አጭር ዓረፍተ ነገር ስጡት። ይህን የምትፈትኑት ከበዓሉ ሳምንታት አስቀድማችሁ ነው፤ በዕለቱ ያልተዘጋጀ ልጅ ሰው ፊት ማቆም ጭካኔ ነው። ገና ያላነበበ ልጅ ያወቃቸውን ፊደላት ለእናቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ያሳያት፤ መድረክ አያስፈልገውም።

ዝቅተኛ ውጤት በሕዝብ ፊት አይነበብም። በእኛ ጊዜ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ስም የሚጠራበት ትምህርት ቤት ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ልጆች ዕለቱን ከትምህርት ቤት ውጪ ያሳልፉት ነበር፣ ቤትም ሲገቡ ቀበቶ ይጠብቃቸዋል። ካርዱን ለወላጅ በእጅ ስጡ፣ ከተቻለ ለብቻ፤ ከደብተራችሁም አንድ የተሻሻለ ነገር አንብባችሁ ቀጥሎ ስለ ድክመቱ ተናገሩ። ያልተሻሻለ ነገር ፈጥራችሁ አታንብቡ። ወላጅ ሐሰቱን ያውቀዋል፤ ልጁማ ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል። አባቱ ተቆጥቶ ከሆነ የክረምቱን ሥራ በሁለት ነገር ብቻ ገድባችሁ ስጡት፣ ለምሳሌ በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብና የማባዛት ሰንጠረዥ፤ የሚሠራው ነገር የተሰጠው አባት ዱላውን የሚያነሳው እየቀነሰ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ለጋዋን፣ ለፎቶ፣ ለቲሸርት እያሉ ከወላጅ መሰብሰብ እየተለመደ መጥቷል። የኬጂ ልጅ ባርኔጣው አፍንጫው ላይ ወርዶ ስመለከት እኔም እስቃለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ልጅ ለሚያስተምር ቤት ያ ወጪ የመስከረም ደብተር ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋ ተማክራችሁ የሚያስከፍል ነገር ሁሉ በፈቃድ እንዲሆን፣ ያልከፈለውም ልጅ ተለይቶ የማይታይበትን መንገድ ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ልጅ በእጃችሁ የተጻፈች አንዲት መስመር ያላት ግማሽ ወረቀት የምታስወጣችሁ የወረቀቱን ዋጋ ነው፤ በሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት ገብቼ እንዲህ ያለችውን ወረቀት ከሠርግ ፎቶ ጎን በፍሬም አይቻታለሁ።

በዓሉ ሲያልቅ ደብተሩ አይጣል። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉን ለሚረከበው መምህር አስረክቡት፤ ልጁ መስከረም ላይ ከዜሮ እንዳይጀምር የሚረዳው ከሮስተሩ ይልቅ እሱ ነው። ከማስረከባችሁ በፊት ግን ገጾቹን አንድ በአንድ እዩና ቤተሰብ አምኖ የነገራችሁን የግል ጉዳይ፣ የፍቺ፣ የሕመም፣ የዕዳ ነገር የተጻፈበት ካለ ቀዳችሁ አውጡት፤ ለልጁ ትምህርት የግድ የሚያስፈልገውን ለባልደረባችሁ በቃል ንገሩት።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ ድሬዳዋ