የወላጆቻችን ዕድር ለዛሬ ወጣት ይጠቅማል ወይ? (መልስ)
አዎ፣ ይግቡ። አራት ኪሎ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ የባንክ ቁጠባም አለኝ፣ ታዲያ የእናቴ ዕድር ምን ይጨምርልኛል ብለው ጠይቀዋል። ሐዘን በደረሰ ዕለት ባንኩ ገንዘብዎን ይሰጥዎታል እንጂ ድንኳን አይተክልም፣ ወንበር አይደረድርም፣ እርስዎ ራስዎን ባላወቁበት ሰዓት ለቅሶ የመጣውን ሰው ተቀብሎ አያስተናግድም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ሌላ ሰፈር የገቡ የማውቃቸው ቤተሰቦች ከቤታቸው ባልተናነሰ ለተለዩት ዕድራቸው የሚያዝኑት ለዚህ ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት የመተዳደሪያ ደንቡን ይጠይቁ። መግቢያው ስንት ነው? ክፍያው ለእነማን ሞት ይሰጣል? (ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእኅት፣ ለትዳር ጓደኛ ወላጅ መጠኑ ሊለያይ ይችላል።) በተለይም ተከራይ ስለሆኑ፣ ሰፈር ቢቀይሩ አባልነትዎ ይቀጥል እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

በዕድራችን በጸሐፊነት ሳገለግል ያየሁትን ግን ልንገርዎ። አንዳንድ ወጣቶች ወርኃዊ መዋጮውን በስልክ ይልካሉ፣ ከቀብር ሲቀሩም ቅጣቱን ሳያጉረመርሙ ይከፍላሉ፤ የእነርሱ ሐዘን ሲመጣ ገንዘቡ ሳይጓደል ይደርሳቸዋል፣ ድንኳኑ ውስጥ አብሯቸው የሚያመሸው ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ቢከለከሉ እንኳ ማታ ጎራ ብለው ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጡ።