ግራጫ ሽኮኮና የደን ዛፎች፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በምኖርበት የእንግሊዝ ከተማ ዳርቻ ባለው ደን የወጣት ኦክ ዛፎች ቅርፊት ተልጦ ነጩ እንጨት ተጋልጦ አያለሁ። ይህ በእርግጥ የሽኮኮ ሥራ ነው?

መልስ፦ ልጣጩ ከዛፉ ሥር ተበታትኖ ከወደቀ፣ በተጋለጠው እንጨት ላይም ጥንድ ጥንድ የጥርስ ጭረት ከታየ፣ አዎን፣ ግራጫው ሽኮኮ ነው። ከግንዱ ግርጌ ሳያልፍ የቀረ ጉዳት ግን የአጋዘን ወይም የጥንቸል ሊሆን ይችላል። ሽኮኮው የውጭኛውን ቅርፊት አይበላውም፤ ገሽልጦ ይጥልና ከሥሩ ያለውን፣ ቅጠሎች ያዘጋጁትን ምግብ ወደ ሥር የሚያወርደውን ጣፋጭ ልጥ ይግጣል። ጉዳቱ የሚበረታው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ ቅርፊታቸው ገና ስስ በሆነና ከ10 እስከ 40 ዓመት ባላቸው ዛፎች ላይ ሲሆን፣ ቢችና ሲካሞርም እንደ ኦክ ሁሉ ይጠቃሉ። ልጡ ግንዱን ዙሪያውን ከተላጠ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል። በከፊል የተላጠውም ቢሆን በቁስሉ በኩል ፈንገስ ገብቶ እንጨቱን ስለሚያበሰብሰው፣ ለዓመታት ደህና መስሎ የቆየ ዛፍ አንድ ቀን በነፋስ ሊሰበር ይችላል። በእኔ ግምት ባለ ደኖችን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ዘግይቶ የሚገለጥ ጉዳት ነው።

ጥያቄ፦ እንስሳው ወደ ብሪታንያ እንዴት ገባ?

መልስ፦ መኳንንት ለግቢያቸው ጌጥ ብለው ከሰሜን አሜሪካ አስመጡት፤ በ1876 እ.ኤ.አ. በቼሸር መለቀቁ ተመዝግቧል። ማስመጣቱና ማርባቱ የተከለከለው በ1937 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙ አውራጃዎችን አዳርሶ ነበር። ራሱን ብዙም የማይጎዳውን የሽኮኮ ፈንጣጣ ቫይረስ ለአገሬው ቀይ ሽኮኮ እያስተላለፈም ቀዩን ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ በጓሮዬ በወጥመድ የያዝኩትን ሽኮኮ ራቅ ወዳለ ደን ወስጄ ልልቀቀው?

መልስ፦ አይሆንም፤ የብሪታንያ ሕግ ይከለክላል። የተያዘ ግራጫ ሽኮኮ ሳይሰቃይ መገደል ስላለበት፣ ይህን ለማድረግ የማይፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ወጥመድ ባያጠምድ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ሽኮኮ ከደጃችን አይጠፋም፤ ዛፎቹ ግን ደህና ናቸው። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ በዚያ እንስሳው የአገሩ ልጅ ነው። ጭልፊትና ቀበሮን የመሳሰሉ አዳኞች ያሉበት ከመሆኑም በላይ፣ ለክረምት ቀብሯቸው ሳያወጣቸው የቀሩ የኦክ ፍሬዎች ስለሚበቅሉ ደኑንም ይጠቅማል። የነጭ ኦክ ፍሬ በመከር ወዲያው ስለሚያጎነቁል ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይበላዋል ወይም ጽንሱን ነክሶ ያወጣና ይቀብረዋል፤ እስከ ጸደይ ሳያጎነቁል የሚቆየውን የቀይ ኦክ ፍሬ ግን እንዳለ ያከማቻል። በአውሮፓም ቢሆን የአዳኝ ነገር ቀላል አይደለም፤ በአየርላንድ መካከለኛ ክፍል፣ ፓይን ማርተን የተባለው ሸለምጥማጥ መሰል ሥጋ በል እንስሳ ቁጥሩ ሲያገግም ግራጫው ሽኮኮ ክፉኛ ቀንሶ ቀዩ ወደ ቀድሞ ደኖቹ ተመልሷል።