ትልቅ አኳሪየም በፎቅ ቤት ወለል ላይ ስለማስቀመጥ

400 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) በሦስተኛ ፎቅ ሳሎንዎ መሀል አቁመው መመገቢያውን ከመቀመጫው ለመለየት እንዳሰቡ ገልጸው፣ ወለሉ ይችለው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በፎቅ ቤት ውስጥ ሁለት ትልልቅ አኳሪየሞችን ያቆምኩ፣ አንደኛውንም ወለሉ ስለረገበ ባዶ አድርጌ ለማንሣት የተገደድኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ገንዳውን ከመግዛትዎ በፊት የቦታውን ምርጫ እንደገና እንዲያጤኑት እለምንዎታለሁ። ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ስለ ክብደቱ ብቻ ነው፤ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ግን ከመጠኑ ያላነሰ ወሳኝ ነው።

1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ወርድና 55 ከፍታ ያለው ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 410 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ መስታወቱም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብቻውን ወደ 90 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ጠጠሩ፣ ድንጋዩ፣ ማጣሪያውና ማቆሚያው ሲጨመሩ ድምሩ 600 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም ሁሉ የሚያርፈው ከአንድ ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በብዙ አገር የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ የነዋሪና የዕቃ ጭነት ታስቦ ስለሆነ፣ ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው ይደነግጣል። ይሁን እንጂ አኃዙ በወለሉ ሁሉ ላይ ለተሰራጨ ጭነት የተቀመጠ እንጂ፣ አንዱ ካሬ ሜትር ከዚያ በላይ ሲጫንበት ይሰበራል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል «ብዙ እንግዳ ቆሞበት ምንም አልሆነም» ብሎ መጽናናትም ትክክል አይደለም፤ እንግዳው ሲመሽ ይሄዳል፣ አኳሪየሙ ግን ለዓመታት ሌት ተቀን ከቦታው አይነቃነቅም። እንጨትም ሆነ ኮንክሪት ደግሞ በማይነሣ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ እየረገበ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሳሎንዎ መሀል ልመለስ። 4 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ ያረፈ ወለል ቢያስቡ፣ ያው 600 ኪሎ ግራም ከመሀል ተነሥቶ ከአንዱ ድጋፍ 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲቀመጥ ወለሉን የሚያጎብጠው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። የመረጡት ቦታ ስለዚህ ከሁሉም የከፋው ነው። ወደ ግድግዳ ያስጠጉት ስል ግን ግድግዳ ሁሉ ድጋፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ በኮለን (በቋሚ ምሰሶ) እና በትራቬ (ወለሉን በሚሸከም አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) በተሠራ ሕንፃ ውስጥ አብዛኞቹ የብሎኬት ግድግዳዎች ክፍል ይለያሉ እንጂ ወለል አይሸከሙም። የሚፈልጉት ከወለልዎ ሥር ትራቬ የሚያልፍበትን መስመር ነው። ከጣሪያዎ ዝቅ ብሎ የሚታየው ትራቬ የተሸከመው የላይኛውን ጎረቤት ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለል፣ ቢሆንም፣ ፎቆቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ የእርስዎም በዚያው መስመር ላይ ይኖራል ተብሎ ይገመታል፤ ማረጋገጫው ግን የሕንፃው የስትራክቸር ፕላን ነው። ወደ ውጭ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ማቆምን ፈጽሞ አያስቡት።

የእኔ ስሕተት የደረሰው በእንጨት ወለል ላይ ነው። ገንዳውን ያቆምኩት ወለሉን ከተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ጋር ትይዩ አድርጌ ስለነበር፣ ክብደቱ በሙሉ በሁለት እንጨቶች ላይ ወደቀ። አግዳሚዎቹ በ40 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ነበሩና ርዝመቱን በእነርሱ ላይ አቋርጬ አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ሦስት ወይም አራት ይጋሩት ነበር። ከሰባት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ፊት ለፊት ቆሜ ስመለከት የውሃው መስመር ከመስታወቱ አፍ ጋር እኩል አይሄድም፤ በማስመሪያ ስለካው በግራ በኩል ከአፉ 22፣ በቀኝ በኩል 31 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ከጀርባው በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ባለው ጠርዝ) እና በወለሉ መካከል ቀድሞ ያልነበረ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ወለሉ ሲጣመም ማቆሚያውም አብሮ ስለሚጣመም መስታወቱና የሲሊኮኑ መጋጠሚያ ይወጠራሉ፤ ስለዚህ ዓሦቹን ወደ በርሜል አዛውሬ በዚያው ቀን ባዶ አደረግሁት።

ማቆሚያው አራት ቀጭን እግሮች ካሉት እያንዳንዱ እግር 150 ኪሎ ግራም በጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚያሳርፍ ሴራሚክ ሊሰነጥቅ ይችላል። ከሥሩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቢነጠፍ ሴራሚኩን ይጠብቃል፤ ሶሌታው የሚሸከመውን ክብደት ግን በምንም አይቀንስም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቦታው በውሃ ልክ ሲለካ የሚያዘነብል ከሆነ ማስተካከያው ከማቆሚያው ሥር ይግባ እንጂ በመስታወቱና በማቆሚያው መካከል ምንም ቁራጭ አይሰካ።

ከታች ቤተሰብ እንደሚኖርም አይዘንጉ። ውሃ ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቱቦ ላይ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው ወደ ኋላ መሳብ ቢጀምር በቀዳዳው አየር ገብቶ ያቋርጠዋል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ከሶኬቱ በታች ወርደው ተመልሰው የሚወጡ ይሁኑ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛውን አኳሪየሜን ከመግዛቴ በፊት ስፋቱን፣ የሙሉ ክብደቱን ስሌትና የክፍሉን ንድፍ ይዤ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ አማከርኩ። እርስዎም እንደዚሁ ቢያደርጉ እወዳለሁ፤ በተለይ ቤቱ ያረጀ ወይም ሶሌታው የተሰነጠቀ ከሆነ ያለ መሐንዲስ ቃል አይጀምሩ። ሲሞሉትም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር ይሙሉ፤ በየዙሩ በውሃ ልክ ይለኩና ሲሞላ ዓሣ ሳያስገቡ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጠብቁ። ከዚያም ውሃው በአራቱም ማዕዘን ከአፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ በወረቀት ጽፈው ከማቆሚያው በር ጀርባ ይለጥፉት፤ በየወሩም ይለኩት። በማዕዘኖቹ መካከል ያለው ልዩነት መስፋት ከጀመረ ውሃውን በግማሽ ቀንሰው መሐንዲሱን ይጥሩ።