ሞቱ ቀንሷል፤ የቀረውስ ለምን ቀረ?

አንድ አባል «መከላከልና ማከም በሚቻሉ በሽታዎች የሚሞተው ሰው ቀንሷል ይባላል፤ ለውጡን ያመጣው ክትባት ነው ወይስ ሕክምና? ታዲያ ዛሬም ይህን ያህል ሰው ለምን ይሞታል?» ሲሉ ጠይቀዋል። በሕፃናት ክፍል በነርስነት፣ በኋላም የሟቾችን መዝገብ በመገምገም ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ላካፍል።

መከላከል የሚቻል ሞትና ማከም የሚቻል ሞት አንድ አይደሉም። በክትባት፣ በንጹሕ ውኃ ወይም በአጎበር በሽታው ሳይይዝ ሊቀር ይችል የነበረው ሞት መከላከል የሚቻል ሲባል፣ ከታመሙ በኋላ በጊዜው በተሰጠ ተገቢ ሕክምና ሊቀር ይችል የነበረው ማከም የሚቻል ይባላል። እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለው በሁለቱም ወገን ይቆጠራል።

ቅነሳው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 12.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 4.9 ሚሊዮን ወርዷል። ክትባት ከ1974 ወዲህ 154 ሚሊዮን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ ይገመታል፤ ከዚህም ውስጥ 60 በመቶ ገደማው የኩፍኝ ክትባት ውጤት ነው። ሆኖም መስመሩ ሁልጊዜ ቁልቁል አይወርድም፤ በወባ የሚደርሰው ሞት ከ2000 ጀምሮ በእጅጉ ከቀነሰ በኋላ ከ2015 ወዲህ ፍጥነቱ ተገታ፣ በ2020 ደግሞ ጨመረ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2016 በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች በሕክምና ሊድኑ ይችሉ ከነበሩ 8.6 ሚሊዮን ሟቾች ውስጥ ሕክምና ሳያገኙ የሞቱት 3.6 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ የተቀሩት 5 ሚሊዮን ሕክምና ጋ ደርሰው በጥራቱ ጉድለት የሞቱ እንደሆኑ ተገምቷል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የራሴን መዝገቦች አስታወስኩ። «የሳንባ ምች» ተብለው በወርኃዊ ሪፖርት የተላለፉትን አንድ በአንድ ስናያቸው፣ ብዙዎቹ በመጡበት ዕለት የሞቱ ነበሩ፤ ተራ ሲጠብቁ የከበደባቸው ነበሩ፤ ኦክስጅን በመጋዘን እያለ የፍሰቱ መቆጣጠሪያ ባለመኖሩ ያልተሰጣቸውም ነበሩ። የበሽታው ስም ብቻ በተጻፈበት ሪፖርት ላይ ይህ አንዱም አይታይም።

ስለዚህ በእኛ ክፍል ከሞት መንስኤው ጎን ሁለት ዓምዶች ጨመርን፤ አንዱ ሕፃኑ የደረሰበት ሰዓት፣ ሌላው የመጀመሪያው ሕክምና የተሰጠበት ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ማየት ከጀመርን በኋላ፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ሕፃን ካርድ ሳይወጣለት በፊት እንዲታይ ተወሰነ።