የኋላ መስታወት ማሞቂያው ተርሚናል ሲነቀል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ቪትዝ ይነዳል። ክረምት ከገባ ወዲህ የኋላ መስታወቱ ጉም እየያዘ አስቸግሮታል። ማብሪያውን ሲጫን ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ መስታወቱ ግን አይሞቅም። በግራ በኩል ያለችው ተርሚናል (ሽቦውን ከመስታወቱ ጋር የምታገናኘው ትንሽ ብረት) ተነቅላ ሽቦዋ ላይ ተንጠልጥላለች። አንድ ጋራዥ ሽቦውን በፕላስተር ቀጥሎ ተርሚናሏን በሱፐር ግሉ ለጠፈለት፤ ብዙም ሳትቆይ ወደቀች። አሁን "በካውያ ልበይዳት ወይ?" ይላል።

ወንድሜ፣ እኔ የጠረጠርኩት ያን የተቀጠለ ሽቦ ነው። ሽቦ ተቆርጦ ሲቀጠል ያጥራል። ያጠረ ሽቦ ደግሞ ይወጠራል፤ የኋላ በሩ በተዘጋ ቁጥር ተርሚናሏን ይጎትታታል። ስለዚህ ዛሬ ብታጣብቃትም ነገ ትወድቃለች።

በመጀመሪያ ቮልትና ኦም በሚለካው ቴስተር ለካ። ሞተሩን አስነሳ፣ ማሞቂያውን አብራ፣ አንዱን ጫፍ የተንጠለጠለችው ተርሚናል ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የመኪናው ብረት ላይ አድርግ። ከ12 ቮልት በላይ ካሳየህ ሽቦው ደህና ነው። ዜሮ ካሳየህ የኔጌቲቩ ወገን ሊሆን ስለሚችል፣ አጥፍተህ ከብረቱ ጋር መገናኘቱን በኦም ፈትሽ። የዳሽቦርዱን መብራት አትመን፤ እሱ የሚነግርህ ማብሪያው መጫኑን ብቻ ነው።

ለክተህ ስትጨርስ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ያቺ ተርሚናል ኤሌክትሪክ እያለባት ብረት ከነካች ብልጭታ ነው፤ ፊውዙ ደግሞ 20 ወይም 30 አምፔር ስለሆነ እስኪቃጠል ድረስ ሽቦ ያግላል።

አሁን ካውያው። መስታወቱ ላይ የምታያቸው ቡናማ መስመሮች ቀለም አይደሉም። የብር ዱቄት ከብርጭቆ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ታትሞ፣ ከመስታወቱ ጋር በእሳት የተጠበሰ ነው። በካውያ የሚቀልጠው ሊድ (መበየጃው) ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ብርን ይበላል፤ ሻይ ስኳርን እንደሚያሟሟው። ዳር ላይ ያለው ሰፊው መስመር ደግሞ በጣም ስስ ነው። "እስኪይዝ ድረስ" ብለህ ካውያውን ካቆየኸው ብሩ ወደ ሊዱ ገብቶ ያልቅና ባዶ መስታወት ይቀርሃል። ባዶ መስታወት ላይ ሊድ አይዝም። አጥብቀህ ባሞቅከው ቁጥር የባሰ የሚሆነው ለዚህ ነው። የግድ የሚበይድ ሰው ብር የተቀላቀለበትን ሊድ ይፈልጋል፤ ውስጡ ብር ስላለ ከመስመሩ የሚወስደው ያንሳል። ሌላም አለ፤ የኋላ መስታወት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከጋለ እንዳለ ሊረግፍ ይችላል። ስለዚህ አንተ አትበይድ።

የሚያስፈልግህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ ብር ያለበት ባለሁለት ቱቦ ማጣበቂያ ነው። ውድ ነው። ብረት የሚመስለውን ርካሽ ግራጫ ኤፖክሲ ሊሸጡልህ ይሞክራሉ፤ አብዛኛው ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሱፐር ግሉማ ጭራሽ! በዚያች መገናኛ 15 አምፔር ያህል ያልፋል እንበል። መገናኛው 0.1 ኦም ብቻ ቢከለክለው ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ከ22 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል።

ኔጌቲቩ መፈታቱን ዳግመኛ አረጋግጥ። መጀመሪያ ሽቦውን አርዝም፤ ውፍረቱ እኩል ይሁን፣ የስፒከር ሽቦ እንዳትቀጥልበት። በሩ ሲዘጋም ሲከፈትም ዘና ማለት አለበት። ከዚያ የደረቀውን ሱፐር ግሉ በአሴቶን አለስልሰህ ጥረግ፤ ፕላስቲኩን እንዳይነካ። መስታወቱ ላይ ምላጭ አታሳርፍ፣ ብሩን ይዞት ይሄዳል። ተርሚናሏን በስስ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሰፊውን መስመር ደግሞ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ እስኪያብረቀርቅ ፈትግ። ብሩ ከተርሚናሏ ጋር ተልጦ ከሄደ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገህ ደህናው ላይ ለጥፍ። ሁለቱንም በአልኮል ጥረግና በጣትህ አትንካቸው።

ማጣበቂያውን ስስ አድርገህ ቀባ፣ ተርሚናሏን ጫን፣ በወረቀት ፕላስተር ያዛት። ሽቦውንም ለብቻው ያዘው፣ ክብደቱ እሷ ላይ እንዳይወድቅ። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቅ፤ ብዙዎቹ 24 ሰዓት ይላሉ፣ ለክረምት ብርድ ትንሽ ጨምርበት።

ባትሪውን መልሰህ አብራ። በግራና በቀኝ ሰፊ መስመሮች መካከል ቮልቱ ለባትሪው ቮልት ቅርብ መሆን አለበት፣ ከአንዷ ቀጭን መስመር መሃል ወደ ኔጌቲቩ ወገን ስትለካ ደግሞ ግማሹ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ተርሚናሏ ከመስመሮቹ ይበልጥ ከጋለች መገናኛው ጥሩ አይደለም ማለት ነው። አጥፋ፣ ኔጌቲቩን ፍታ፣ ከማጽዳቱ እንደገና ጀምር።