የተዋጠውን መንጠቆ አይጎትቱ

ጥያቄ፦ ዓሣ የማጠምደው በዘንግና በትል ነው። ትናንሾቹን ወዲያው ወደ ውሃው እመልሳለሁ፤ ግን ብዙዎቹ መንጠቆውን ስለሚውጡት ሳወጣላቸው ይደማሉ፣ ቆይተውም ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። ጥፋቱ የመንጠቆው ነው ወይስ የእኔ አያያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት፤ መነሻው ግን መንጠቆው ነው። የተለቀቀ ዓሣ መትረፍ አለመትረፉን ከሁሉም በላይ የሚወስነው መንጠቆው የተሰካበት ቦታ ነው። ከንፈሩን ወይም የአፉን ጥግ የተወጋ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ጉሮሮው ውስጥ ሲሆን ግን አደጋው ከባድ ነው፤ ልቡ ያለው እዚያው ከስንጥቡ፣ ማለትም ከሚተነፍስበት አካል፣ ኋላ ዝቅ ብሎ ነው፣ ስንጥቡም በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው።

ከአነጋገርዎ የሚጠቀሙበት ከዘራ የሚመስለው ተራ መንጠቆ ይመስለኛል። የእሱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚያይ ክሩ ሲሳብ መጀመሪያ ያገኘውን ሥጋ ይወጋል። ትሉ ደግሞ እውነተኛ ምግብ ነውና ዓሣው ሳይጠራጠር ይውጠዋል። በክብ መንጠቆ ይለውጡት። የክቡ ጫፍ ወደ ራሱ ግንድ (ክሩ ወደሚታሰርበት ዘንግ) ታጥፎ የዞረ ስለሆነ ጉሮሮ ውስጥ ቢገባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሳይወጋ ተንሸራትቶ ይመጣል፤ የአፉ ጥግ ላይ ሲደርስ ይዞርና መንጋጋውን ይይዛል።

ሲገዙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው ይዩት። ጫፉ ከግንዱ ጋር እኩል ከተኛ ይውሰዱት፤ ወደ ጎን ከወጣ ክብ ቢሆንም ጉሮሮ ይወጋልና ይተዉት። በጣም ትንሽ መንጠቆም በቀላሉ ይዋጣል።

አንድ ልማድዎን ግን መተው ይኖርብዎታል። ክሩ ሲነቃነቅ ዘንጉን ድንገት ወደ ላይ መንጠቅ ከክብ መንጠቆ ጋር አይሄድም፤ ከአፉ ይመዘዛል። ክሩ በራሱ እስኪወጠር ይታገሡና ቀስ ብለው ይጠምጥሙ። መጀመሪያ ላይ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ይለመዳል።

ጫፉ አጠገብ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ይጨፍልቋት። ይህ መዋጥን አይከለክልም፤ መንጠቆው ቶሎ ስለሚወጣ ግን ዓሣው ከውሃ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ክሩን እስካላላሉ ድረስ ያመልጠኛል ብለው አይስጉ።

ይህን ሁሉ አድርገውም የሚውጥ አይጠፋም። ያኔ እባክዎ አይጎትቱ! ክሩን በተቻለ መጠን ወደ መንጠቆው ጠጋ ብለው ቆርጠው ይልቀቁት። ጭካኔ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን መጎተቱ ነው፣ ሲወጣ የተወጋውን ሥጋ ይቀደዋልና። መንጠቆውን ይዞ የሄደ ዓሣ ብዙ ጊዜ ውሎ አድሮ ይጥለዋል። ለዚህም ሲባል ከማይዝግ ብረት የተሠራ መንጠቆ አይግዙ፤ ተራው ብረት እየዛገ ይሰባበራል።

ዓሣውን ውሃው ውስጥ እንዳለ መፍታት ከሁሉም ይሻላል። መያዝ ግድ ከሆነ እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል። ጣትዎን ስንጥቡ ውስጥ አያስገቡ። ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ በሙቀት ሰዓት በተለይ ይፍጠኑ።

ከስንጥቡ ደም የሚጎርፍለት ዓሣ የመዳን ተስፋው አነስተኛ ነው። መጠኑም ደንቡም የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ለምግብ ያስቀሩት፣ ጤነኛውን ይልቀቁ።