«ኢንተሮጌት» ለቃለ መጠይቅ ይሆናል ወይ?

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ ለመመረቂያ ጽሑፏ የጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎችን ስለ እምቦጭ አነጋግራ፣ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው «ኢንተሮጌት» አለችው። አማካሪዋ ቀይ አሰመረበት። ምን ችግር አለው?

ችግር አለው፣ እህቴ። ይህ ግስ ዝም ብሎ መጠየቅ አይደለም። ጠያቂው ሥልጣን አለው፣ ተጠያቂው ደግሞ ተጠርጥሯል ወይም አንድ ነገር ደብቋል የሚል ስሜት ይዞ ይመጣል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ለአጥኚዎች አስተረጉማለሁ። አንድ ጊዜ ዘጌ ላይ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩ አባት አነጋገርን። እጃቸው ከሥራው አልተላቀቀም። ደስ ያላቸውን ይመልሳሉ፣ ያላሰኛቸውን «እሱን ተወው ልጄ» ብለው ያልፉታል። ከቡድኑ አንዱ ይህንን ጨዋታ ሪፖርቱ ላይ «ኢንተሮጌት» ብሎ ጻፈው። ያነበቡት ፈረንጅ ደንገሉንም ታንኳውንም ትተው መጀመሪያ የጠየቁት «ፖሊስ አብሯችሁ ነበር እንዴ?» ብለው ነው።

እውነታቸውን ነው። የቃሉ ዋና ቦታ ፖሊስ ጣቢያ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በእንግሊዝኛው አንቀጽ 27ን «ኢንተሮጌሽን» ብሎ ይሰይመዋል። እዚያው ላይ ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ያስፈለገው የዚያ ዓይነት ጥያቄ ስለሚያስጨንቅ ነው። አስጋሪዎቹ ግን ሲሰለቻቸው መረባቸውን አንስተው መሄድ ይችሉ ነበር።

ሰው ላልሆነ ነገር ሲሆን ቃሉ ይለዝባል። ዳታቤዝ «ኢንተሮጌት» ይደረጋል። ምሁራንም አንድን አስተሳሰብ ወይም ጽሑፍ አጥብቀው ሲፈትሹ ይሉታል። የሰዋስዉ «ኢንተሮጌቲቭ» ደግሞ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ማለት ብቻ ነው፣ ክፋት የለበትም።

«ኩዌስችን»ንም በግስነት ለሰው ስትጠቀሚ ተጠንቀቂ፣ እሱም ጥርጣሬ ይሸታል። «ኢንኳየር» ስለ አንድ ጉዳይ በጨዋ ደንብ መጠየቅ ነው፤ ለደብዳቤ ያምራል። ላንቺ የሚሆነው «ኢንተርቪው» ነው፣ ጥያቄ አዘጋጅተሽ በፈቃዳቸው ስላነጋገርሻቸው። ግሱን ስትቀይሪ አባሪው ላይ «ኢንተሮጌሽን» የሚል ርዕስ ካለም አብረሽ ቀይሪው።